እንየው አለ እንየው

አዘዞ ነው፤ ጠዋት፤ ጎሚስታው አጠገብ፤
ሚኒባስ አቁሜ፣ በሽተኛ ይዞ ሐኪም ደጅ እንደ መቅረብ።
«ምን ሆነች?» ይለኛል፣ ፒንሳ በጥርሱ ነክሶ፣
ቱታው ከጉልበቱ በግራሶ ርሶ።

«ረጅሙን ሳበራ የጉሙ ይጠፋል፤
አጭሩን ስመልስ እሱም ይመለሳል።
ሁለቱ አይገናኙም፣ የተኳረፈ ጎረቤት፤
አንዱ ሲገባ ነው ሌላው የሚወጣው ከቤት።»

«እንየው» አለ እንየው።
ስሙም ነው፣ ሥራውም፤ ሌላ መልስ የለው፤
ገና ሳይነካካ «ቀላል ነው» አይልም፣ እንደ ሌላው ሰው።

ባጃጁ ይጮሃል፤ ከወዲያ አውሮፕላን ያርፋል፤
እሱ አንገቱን ደፍቶ ኮፈን ውስጥ ይጠፋል።
ቴስተር ይዞ ገባ፣ በሽቦ ላይ ሄደ፣
ቀዩን ተከትሎ በጥቁር ወረደ፤
ሪሌው ጋ ሲደርስ ጣቱን ጫነ፣
ደም ሥር እንደሚያዳምጥ ዐይኑን ከደነ።

«ማንም አላበላሸው። ፋብሪካው ነው ያሰረ፤
የጉሙ መብራት ላጭሩ ነው ያደረ።
አጭሩ ሲተኛ አብሮት ይተኛል፤
ጌታ የሞተበት ውሻ ይመስላል።
ይፈታል። ግን ለምን? ጉም ላይ ረጅም መብራት ግድግዳ ነው፣ ነጭ፤
የላክኸውን ብርሃን መልሶ በገዛ ዐይንህ የሚረጭ።»

ነገርኩት።

ነሐሴ ነው፤ ሌሊት፤ ከደባርቅ ስመለስ፣
ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ፣ ኮሶዬ ሳልደርስ።
ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ለጎንደር ሆስፒታል ሪፈር የጻፉላት፣
«ስንት ቀረን?» ትላለች፤ «ደረስን» እላታለሁ፣ እውነቱን ሳልነግራት።
ጉሙ እየተቆረሰ ይንሳፈፋል፣ እዚህም እዚያም፤
አንዱ ኩርባ ወተት፣ አንዱ ኩርባ ጨረቃ፤ አይታመንም።
ጠርቶልኛል ብዬ ረጅሙን ወረወርሁ፤
ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ቆጠርሁ።
ግን ከታች፣ ከእግሬ ሥር፣ የጉሙ መብራት ጠፋ፤
የአስፋልቱ ጠርዝ ጠፋ፤ ቦዩ አብሮ ጠፋ፤
ግራ ጎማዬን አንድ ነገር ለስለስ አድርጎ ገፋ።

ሰጠኝ፣ ረዳቴ፣ በስልኩ መብራት ወረደ።
ዝም አለ። ዝምታው ከጉሙ ከበደ።
«ድንች ነው!» አለ በኋላ፣ ሳቁ እያለቀሰ፤
«ጆንያ ድንች ነው፣ ሆዱ የፈሰሰ።»
ባለቤቱ ቦዩ ውስጥ ቆሟል፣ ባንድ እግሩ ጫማ፤
አልተሳደበም። ምነው ቢሳደብ፣ ጆሮዬ ቢሰማ።
«ከሩቅ አየሁህ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ መምከር፤
«አንተ ግን አላየኸኝም፤ ወዴት ስታይ ነበር?»
ጎንበስ ብለን ድንች ለቀምን፣ አንድ ባንድ፣
መኪናው ባበራልን፣ ስንዝር በሚያህል መንገድ፤
ታማሚዋም በመስኮት «ያቺም አለች፣ ከጎማው ሥር» እያለች
ሕመሟን ረስታ ድንች ጠቆመች።

እንየው ዝም ብሎ ካቻቢቴ አነሳ፤
የአንዷን ሽቦ ራስ ቆረጠ በፒንሳ፤
ከአጭሩ ነጠላት፤ ከፓርኪንጉ አሰራት፤
ፊውዝ አበጀላት፤ ናስትሮ ጠቀለለላት።
«እንግዲህ ረጅሙ ሲበራ የጉሙም አይተኛም፤
መኪና ሲመጣ ግን ዝቅ አድርግ፤ ሰው ዐይን ውስጥ ጦር አይሰበቅም።»

ቁልፉን አዞርሁ። በጎሚስታው ቆርቆሮ ላይ
ረጅሙን ከላይ፣ ቢጫውን ከታች፣ አብረው፣ ሳይጣሉ፣ ስናይ፣
የአንድ ሰው ዐይንና እግር እርቅ ያወረዱ መሰለኝ።
እንየው ግን አልሳቀም። እጁን በጋዝ እያጠበ ጠየቀኝ፦

«ሰውየው ጫማውን አገኘ?»

ብር ሊቆጥር የገባ እጄ ኪሴ ውስጥ ቀረ።
ድንቹን ቆጥሬያለሁ፤ ካሣውን ከፍያለሁ፤ ሰጠኝም እማኝ ነበረ፤
ጫማውን ግን…

አላየሁም።